ኳሱ ተመለሰ፤ ሞመንተሙስ የት ሄደ?

ስለ ሌላው ከመጻፋችን በፊት ስለ ራሳችን እንጻፍ። ለማስተማር ልምምድ ወጥተን በነበረበት ሰሞን ከመካከላችን አንዱ ባልደረባችን ፊዚክስ ሊያስተምር ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመ። ርዕሱ መጽሐፉ «ኮንሰርቬሽን ኦፍ ሞመንተም» የሚለው፣ በአማርኛችን የሞመንተም አለመጥፋት ሕግ ብንለው የማይከፋው ትምህርት ነበር። ባልደረባችን በሚገባ ተዘጋጅቷል። ቀመሩን በትልልቁ ጻፈ፤ «ኤም ዋን ቪ ዋን ፕላስ ኤም ቱ ቪ ቱ» እያለ ክፍሉን ሁለት ጊዜ አስደገመ፤ ሁለት ምሳሌዎች ሠራ፤ ሁለቱም ትክክል ወጡለት። ደወሉ ሊደወል አምስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ከኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ኳስ ግድግዳ ላይ ስንመታ ተመልሶ ይመጣል። ግድግዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ታዲያ ሞመንተሙ እንዴት ነው ያልጠፋው?»

ባልደረባችን ለአፍታ ሰሌዳውን አየ። ከዚያም «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተቀመጪ» አላት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷም ተቀመጠች።

እኛስ ምን አደረግን? አምስታችን የመመዘኛ ቅጻችንን ይዘን ከኋላ ወንበር ላይ ነበርን። «የክፍል አያያዝ» በሚለው ረድፍ ሁላችንም «በጣም ጥሩ» ብለን ሞላን።

ማታ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ነገሩ ተነሣ። «ግድግዳው መጠጠው» አለ አንዱ። «ወደ ኢነርጂ ተለወጠ» አለ ሌላው። ሦስተኛው፣ «ሕጉ የሚሠራው ለሚንቀሳቀሱ ነገሮች ነው፤ ግድግዳ ደግሞ አይንቀሳቀስም» ብሎ ደመደመ። አራተኛው «ፍሪክሽን ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እንግዲህ ሁላችንም ይህን ትምህርት ተምረን፣ ተፈትነን፣ አልፈን የመጣን ነን። ስድስት የነገ መምህራን ለአንዲት ልጅ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ አጣን። ልጅቷን ዝም ያሰኛት የባልደረባችን ክፋት ሳይሆን የሁላችንም አለማወቅ መሆኑ የገባን ያን ጊዜ ነው።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ግድግዳ ላይ የምንለጥፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገሩ የእኛ የስድስታችን ብቻ ቢሆን ኖሮ በመኝታ ክፍላችን በቀረ ነበር። ነገር ግን ከሌሎች ሠልጣኞች ጋር ስንወያይ ያገኘነው ያንኑ ነው። በበኩላችን ችግሩ ሕጉ ስለከበደ አይደለም እንላለን። ችግሩ ቀመሩን ከሕጉ አስቀድመን መማራችን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ለፈተና ተሯሩጠን የታጠቅነው ቀመር ከአንዲት ኳስ ፊት ተፈታ።

ሕጉ በእርግጥ ምን ይላል? ብዙዎቻችን «ሞመንተም አይለወጥም» ብለን እንመልሳለን። እንዲህ ከሆነማ ምንም ነገር አይቆምም፣ ምንም ነገር አይነሣም፤ የተመታ ኳስም አይመለስም። ሕጉ እንዲያ አይልም። ሕጉ የሚለው አንድ ላይ አድርገን የምናያቸው አካላት ጠቅላላ ሞመንተም፣ ማለትም የእያንዳንዱ መጠነ ቁስ አቅጣጫ ባለው ፍጥነቱ ተባዝቶ ሲደመር የሚገኘው፣ ከውጭ ፎርስ እስካልመጣበት ድረስ አይለወጥም ነው። ከውጭ ፎርስ ከመጣ ግን ይለወጣል፤ የሚለወጠውም በፎርሱና ፎርሱ በቆየበት ጊዜ ብዜት ልክ ነው። መጽሐፉ ኢምፐልስ የሚለው ይኸንኑ ነው። እንግዲህ የሕጉ ቁልፍ ያለው በቀመሩ ውስጥ ሳይሆን «አንድ ላይ አድርገን የምናያቸው» እና «ከውጭ» በሚሉት ቃላት ውስጥ ነው። መጽሐፉ ሲስተም ይለዋል። እኛ በመካከላችን «አጥር» ማለት ጀምረናል። አጥሩን ሳያጥሩ ሞመንተም ጠፋ አልጠፋ ብሎ መከራከር፣ ድንበሩ ሳይለይ ከብቶቹን እንደ መቁጠር ነው።

የልጅቷን ጥያቄ በዚህ እንመልሰው። ኳሱ 0.2 ኪ.ግ. ይሁን። በ5 ሜትር በሰከንድ ወደ ግድግዳው ሄዶ በ4 ሜትር በሰከንድ ተመለሰ እንበል። አጥሩን በኳሱ ዙሪያ ብቻ ካጠርን ግድግዳው ከውጭ ነው፤ ግድግዳው ኳሱን ገፍቶታል፤ ስለዚህ የኳሱ ሞመንተም ተለውጧል፤ ሕጉም በዚህ ቅር አይለውም። ስንት ተለወጠ? እዚህ ላይ ሌላው ጉድጓዳችን አለ። እኛ በመጀመሪያ ያሰላነው 5 ሲቀነስ 4፣ ሲባዛ በ0.2፣ ውጤቱ 0.2 ብለን ነበር። ተሳስተናል። ኳሱ አቅጣጫውን ቀይሯል እኮ! መሄጃውን ፕላስ ካልነው መመለሻው ማይነስ ነው። ለውጡ ከማይነስ 4 ላይ 5 ሲቀነስ ማይነስ 9፣ በ0.2 ሲባዛ ማይነስ 1.8 ኪ.ግ. ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ከ0.2 ጋር ሲነጻጸር ዘጠኝ እጥፍ ልዩነት አለው።

አሁን አጥሩን እናስፋ። ግድግዳው በመሠረቱ፣ መሠረቱም በምድር ላይ የተተከለ ስለሆነ ኳሱን፣ ግድግዳውንና ምድርን አንድ ላይ እንጠር። በዚህ ጊዜ ጠቅላላው አይለወጥም፤ ኳሱ ያጣውን 1.8 ግድግዳውና ምድር አግኝተውታል። ታዲያ ለምን አላየነውም? የምድር መጠነ ቁስ በኪሎ ግራም ሲጻፍ 6 ቁጥር 24 ዜሮዎችን አስከትሎ ነው። 1.8 ለዚህ ሲካፈል የሚገኘው ፍጥነት ከነጥቡ በኋላ 24 ዜሮዎች ተደርድረው 3 ቁጥር በ25ኛው ቦታ ላይ የሚመጣበት ነው። ይህን የሚለካ መሣሪያ የለም። ሞመንተሙ ግን አልጠፋም፤ ከኳሱ ወጥቶ ወደ ምድር ገባ። ልጅቷ የጠየቀችው ከሕጉ ልብ ላይ የተነሣ ጥያቄ ነበር፤ እኛ ግን አስቀመጥናት።

በአቅጣጫ መሳሳታችን አሳፍሮን ነበር። ይሁንና የሳይንስን ታሪክ ስንመለከት ስሕተቱ የቆየ ዘር እንዳለው አየን። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት በ1644 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉ በዓለም ያለው የእንቅስቃሴ ብዛት አይለወጥም ብሎ ጽፎ ነበር። ነገር ግን የአካሉን መጠን በፍጥነቱ ሲያባዛ አቅጣጫውን አላስገባም። በዚህም ሳቢያ ያወጣቸው የግጭት ደንቦች አብዛኞቹ ከሚታየው ጋር ተጣሉ። ለምሳሌ ትንሽ አካል መጥቶ የቆመ ትልቅ አካልን ቢመታ ትልቁን ከቶ ሊያነቃንቀው አይችልም የሚል ደንብ አለው። ብይ የተጫወተ የሰፈር ልጅ ሁሉ ይህ ስሕተት መሆኑን ያውቃል። ነገሩ የተቃናው በ1668 እና በ1669 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ ስለ ግጭት ጥያቄ አቅርቦ ጆን ዋሊስ፣ ክሪስቶፈር ሬንና ክርስቲያን ሁይገንስ መልስ ሲሰጡ ነው። ኒውተንም በ1687 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ፕሪንሲፒያ» የሦስቱን ሰዎች ሥራ ጠቅሶ ሕጉን በሦስተኛው የእንቅስቃሴ ሕግ ላይ አቆመው፤ ሀ ለን ሲገፋ ለም ሀን በዚያው ልክ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋል። ሁለቱም በአጥሩ ውስጥ ካሉ፣ አንዱ ያገኘው ሌላው ያጣው ነውና ድምሩ አይነቃነቅም።

የአጥሩን ነገር መሳትም የሠልጣኝ ስሕተት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ ሮኬት ከከባቢ አየር ውጭ ሊበር ይችላል ባለ ጊዜ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ጥር ወር 1920 እ.ኤ.አ. በርዕሰ አንቀጹ ተሳልቆበታል፤ ባዶ ቦታ ላይ የሚገፋው አየር ሳይኖር ሮኬት እንዴት ይሄዳል ነው ክርክሩ። ሮኬት ግን አየርን ገፍቶ አይሄድም። በአጥሩ ውስጥ ሮኬቱና የራሱ ነዳጅ አሉ፤ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ኋላ ሲወረወር ሮኬቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ጋዜጣው ስሕተቱን ያረመው አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ በተተኮሰ ማግስት፣ ሐምሌ 17 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ነው። ጎዳርድ በ1945 እ.ኤ.አ. አርፎ ስለነበር እርማቱን አላነበበም። ዘግይቶ የሚመጣ እርማት ለባለ ጉዳዩ አይደርስም። ይህን ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለሮኬት ሩቅ መሄድም የለብንም። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ከታንኳው ወደ ዳር ሲዘል ታንኳዋ ወደ ኋላ ትሸሻለች። ሰውየው 60 ኪ.ግ. ሆኖ በ2 ሜትር በሰከንድ ቢዘል፣ ታንኳዋም 40 ኪ.ግ. ብትሆን፣ ከመዝለሉ በፊት ጠቅላላው ዜሮ ነበር፤ ከዘለለም በኋላ ዜሮ መሆን አለበት። የሰውየው 120 ስለሆነ የታንኳዋ ማይነስ 120 ነው፤ ስለዚህ በ3 ሜትር በሰከንድ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ተማሪው፣ «ውኃውስ አይይዛትም ወይ?» ቢል ጥያቄው ትክክል ነው። ውኃው ከአጥሩ ውጭ ነው። ነገር ግን በዝላዩ አጭር ጊዜ ታንኳዋ ገና መንቀሳቀስ መጀመሯ ስለሆነ የውኃው ግፊያ ትንሽ ነው፤ ቆየት ሲል ግን ውኃው ያቆማታል። ሒሳባችን ትክክል የሚሆነው ለዝላዩ ቅጽበት ነው ማለት ነው።

«ታዲያ የውጪውን መቼ ነው የምንተወው?» ለሚለው መልሱ ማወዳደር ነው። 0.43 ኪ.ግ. የሚመዝን የእግር ኳስ ተመትቶ በ20 ሜትር በሰከንድ ቢሄድ የሞመንተም ለውጡ 8.6 ነው። እግርና ኳስ የሚነካኩት ለአንድ መቶኛ ሰከንድ ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የምድር ስበት የሚሰጠው ኢምፐልስ 4.3 ኒውተን ሲባዛ በ0.01፣ ማለት 0.043 ነው። ሁለት መቶ ጊዜ ያንሳል፤ ስለዚህ ለምቱ ቅጽበት ይተዋል። ኳሱ አየር ላይ ለሁለት ሰከንድ ሲበር ግን የስበቱ ኢምፐልስ ያንኑ 8.6 ያህላል፤ ያን ጊዜ አይተውም። «ኢግኖር» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማለፍና ለምን እንደሚተው ማሳየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሌላው መሰናክላችን ከቋንቋ የሚመጣ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ግን የሚያስበው በአፍ መፍቻው ነው። «ኃይል» የምንለው ቃል በተለመደው አነጋገራችን ፎርስንም፣ ኢነርጂንም፣ ፓወርንም ይሸፍናል። «በኃይል መታው» እንላለን፤ «የመብራት ኃይል» እንላለን። የሞተርን ፓወር ደግሞ «የፈረስ ጉልበት» ብለን እንለካለን። በዚህ ላይ ሞመንተም ሲጨመር ተማሪው «ያው ኃይል ነው» ብሎ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይከታል። በእሱ አንፈርድም፤ ሳይለዩ የሰጡት እኛ ነን።

ውጤቱን በአንድ ምሳሌ እንይ። 4000 ኪ.ግ. የሆነ የጭነት መኪናና 1000 ኪ.ግ. የሆነች የቤት መኪና ሁለቱም በ10 ሜትር በሰከንድ ሲነዱ ፊት ለፊት ተጋጭተው ተጣበቁ እንበል። የትኛው ነው በበለጠ ፎርስ የተመታው? ከክፍላችን አብዛኛው «ትንሿ!» ብሎ ጮኸ። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ዴቪድ ሄስተነስና ባልደረቦቹ በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባወጡት የፎርስ ፅንሰ ሐሳብ መመዘኛ ውስጥ ይኸው የትልቅና የትንሽ መኪና ጥያቄ ይገኛል፤ ኮርሱን የጨረሱ ተማሪዎች ሳይቀሩ ይሳሳቱታል። እናስላው። ጠቅላላው 40,000 ሲቀነስ 10,000፣ ማለት 30,000 ነው። ለ5000 ሲካፈል 6 ሜትር በሰከንድ በጭነት መኪናው አቅጣጫ ይሆናል። የጭነት መኪናው ፍጥነት ከ10 ወደ 6 ወረደ፤ ለውጡ 4 ነው። የትንሿ ከማይነስ 10 ወደ ፕላስ 6 ሄደ፤ ለውጡ 16 ነው። መጠነ ቁሳቸው ሲባዛበት ሁለቱም 16,000 ነው። ፎርሱ እኩል፣ ጊዜው እኩል፣ የሞመንተም ለውጡም እኩል ነው። እኩል ያልሆነው የፍጥነት ለውጡ ነው፤ ውስጥ ያለውን ሰው የሚጎዳውም እሱ ነው። የትንሿ ተሳፋሪ አራት እጥፍ ለውጥ ይቀበላል። የወንበር ቀበቶ የሚጠቅመውም ያንኑ ለውጥ በረዘመ ጊዜ ውስጥ በማድረግ ፎርሱን ስለሚቀንስ ነው። በየመንገዱ ሰው በመኪና አደጋ በሚያልቅበት አገር ይህን ያልገባው ተማሪ ከፈተና ነጥብ የበለጠ ነገር ነው የሚቀርበት።

«ወደ ኢነርጂ ተለወጠ» ያለው ባልደረባችንም መልስ ይገባዋል። ሞመንተም ወደ ኢነርጂ አይለወጥም፤ ሁለቱ የየራሳቸው ሒሳብ አላቸው። 150 ኪ.ግ. የሆነ፣ አህያው የተፈታለት ጋሪ ሜዳ ላይ በ2 ሜትር በሰከንድ ይንከባለላል እንበል። 50 ኪ.ግ. ጤፍ የያዘ ጆንያ ከላይ ቀጥ ብሎ ወደቀበት። ወደ ፊት ያለው ሞመንተም 300 ነበር፤ አሁን የሚሸከመው 200 ኪ.ግ. ስለሆነ ፍጥነቱ 1.5 ይሆናል። ሞመንተሙ 300 እንደ ሆነ ነው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂው ግን 300 ጁል የነበረው 225 ሆኗል፤ 75 ጁል ጆንያውና ጋሪው ሲፋተጉ ወደ ሙቀት ሄዷል። አንዱ ሲጠበቅ ሌላው ቀነሰ። ደግሞ ብልህ ተማሪ «ጆንያው ወደ ታች ይዞት የመጣው ሞመንተምስ?» ይላል። እሱንም መሬት በጎማዎቹ በኩል ወደ ላይ በመግፋት አጥፍቶታል፤ መሬት ከአጥሩ ውጭ ነውና። ስለዚህ ሞመንተም በአግድም ሲጠበቅ በቁም ላይጠበቅ ይችላል። ይህን አንድ ጋሪ በትክክል ያስተማረ ሰው አሥር የቀመር ጥያቄ ከሠራው ይበልጣል ባዮች ነን።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ፤ ለራሳችንም ብለናቸዋል።

«ጊዜ የለም፤ ምዕራፉ ማለቅ አለበት» ይባላል። እውነት ነው፣ ጊዜ የለም። ነገር ግን አጥር ለማጠር የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። አጥሩን ያልተማረ ክፍል በሚቀጥለው ምዕራፍ እንደገና ይጠፋል፤ ያን ጊዜ የሚባክነው ይበልጣል።

«ፈተናው የሚጠይቀው ስሌት ነው» ይባላል። እሺ፣ ስሌት ይሁን። የማይነሷን ምልክት የረሳ ተማሪ 1.8 የሚለውን ትቶ 0.2 የሚለውን ይመርጣል፤ ምርጫው ውስጥም አታጡትም። ማስተዋልና ፈተና ጠላቶች አይደሉም።

«ቤተ ሙከራ የለንም» ይባላል። ኒውተን ራሱ በግጭት ላይ የሠራው ሙከራ በክር የተንጠለጠሉ ኳሶችን ነው። ኳሶቹም ተጠብቆ ከተጠቀለለ ሱፍ፣ ከብረት፣ ከቡሽና ከመስታወት የተሠሩ ነበሩ። ክርና ኳስ የትኛው ትምህርት ቤት ነው ያጣው? ብይም አለች። መሐሉ ቦይ ባለው ማስመሪያ ላይ አምስት ብዮች ደርድራችሁ በአንዷ ብትመቱ ከወዲያኛው ጫፍ አንዷ ትወጣለች። «ለምን ሁለት ብዮች በግማሽ ፍጥነት አይወጡም? ሞመንተሙ እኮ ያው ነው» ብላችሁ ጠይቁ። እውነትም ያው ነው፤ ኢነርጂው ግን በግማሽ ያንሳል፤ ብይ ደግሞ ሲጋጭ ብዙ ኢነርጂ አያባክንም። ክፍሉ የሞመንተምና የኢነርጂን ልዩነት በዓይኑ ያየዋል። እውነቱን ለመናገር መቺዋ ብይ ሙሉ በሙሉ ላትቆም ትችላለች፤ እየተሽከረከረች ስለመጣች ጥቂት ትከተላለች። ይህንንም አትደብቁ። ሙከራው «ተበላሸ» ከማለት ለምን እንዲህ ሆነ ማለት ይሻላል።

ከዚህ በመነሣት ለባልደረቦቻችን ሠልጣኞችና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም የሞመንተም ጥያቄ ቀመር ከመጻፉ በፊት ሰሌዳው ላይ አጥር ይታጠርለት፤ በውስጥ ማን አለ፣ ከውጭስ ማን ይገፋል ተብሎ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ቁጥር ከመግባቱ በፊት ቀስት ይሣልና የትኛው አቅጣጫ ፕላስ እንደሆነ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ተማሪው ከማስላቱ በፊት ምን እንደሚሆን ይገምት፤ ግምቱና ስሌቱ ሲጣሉ ነው ትምህርት የሚጀመረው። አራተኛ፣ ለመምህራኖቻችን በአክብሮት የምናሳስበው፣ በማስተማር ልምምድ መመዘኛ ቅጻችን ላይ «የተማሪን ጥያቄ እንዴት ተቀበለ?» የሚል አንድ ረድፍ እንዲጨመርልን ነው። ያ ረድፍ ቢኖር ኖሮ እኛ አምስታችን ያን ቀን «በጣም ጥሩ» ብለን ለመጻፍ እጃችን ይያዝ ነበር።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይላል የአገራችን ሰው። የተዘነጋው ግን ጠያቂውን ሊቅ የሚያደርገው የተቀበለው ሰው መሆኑ ነው። «አላውቅም፤ አይቼ ነገ እመለሳለሁ» ማለት መምህርን አያሳንስም። ሁላችንም ይህን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብለን ተለማምደነዋል፤ መጀመሪያ ላይ ይተናነቃል፣ በኋላ ግን ይለመዳል።

በመጨረሻ የባልደረባችንን ነገር እንጨርስ። የልምምዱ ጊዜ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው ኳስ ይዞ ወደዚያው ክፍል ተመለሰ። ባለፈው የተጠየቀውን ሳይመልስ ማለፉን ለክፍሉ ነገራቸው። ኳሱን ከግድግዳው ጋር አጋጭቶ አጥሩን አንዴ አጠበበው፣ አንዴ አሰፋው፤ የምድርንም ፍጥነት ከነ ዜሮዎቹ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ነገር ግን ከመስኮቱ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ልጅቷ ያን ቀን አልመጣችም። ከጎኗ የምትቀመጠው ጓደኛዋ፣ «እኔ እገለብጥላታለሁ ቲቸር» ብላ ጻፈችላት። ይድረሳት አይድረሳት ሳናውቅ ተመለስን።

የምንሳሳትበት ካለ፣ ወይም ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ዘዴ ያለው ካለ፣ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ያለው የግድግዳው ቦታ ክፍት ነው። መልሳችሁን ለጥፉልን።

ከፊዚክስ ሠልጣኞች